ኮምፒዩተር ለእርሻ ትምህርት፦ ምን ልከን ነበር? አሁንስ ምን እንላክ?

(ማኅበራችን የተመሠረተበትን 10ኛ ዓመት ለማክበር በሲልቨር ስፕሪንግ በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)






የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ትምህርት ጉዳይ 20 ደቂቃ ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ ከእኔ የተሻለ የተማረ ሰው በመካከላችን ሞልቶ ለምን እኔን መረጣችሁ ብዬ ነበር። እንደምታውቁት እኔ ባለ ታክሲ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እርሻ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተምሬ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። የኮሚቴው ሰዎች የፈለጉት ግን ስለ ትምህርት በጠቅላላው እንድናገር ሳይሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ስለላክናቸው 24 ኮምፒዩተሮች ያየሁትን እንድነግራችሁ ነው። ያንን ዕቃ ከሰበሰቡት፣ ካሸጉትና በኋላም ሄደው ካዩት አንዱ እኔ ስለሆንኩ እምቢ ለማለት አልቻልኩም። ደግሞም ኮሚቴው በያዝነው ዓመት እንደገና ኮምፒዩተር ለመላክ ሐሳብ እንዳለው ሰምቻለሁ። እንግዲህ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ የምናገረው ይሻላል፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚናገር ሰው ወሬኛ ይባላል።

ያን ጊዜ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒዩተሮቻቸውን ሲቀይሩ የተጣሉትን እየለመንን ሰበሰብን። አንዳንዱ አባል ማታ ከሚያጸዳው ሕንፃ በጋሪ አውርዶ፣ ሌላው ከቤቱ ምድር ቤት ከልጆቹ አሮጌ ዕቃ መካከል አውጥቶ አመጣ። በአንድ ቅዳሜ ብቻ በእኔ ታክሲ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ማጓጓዣውን አዋጥተን ወሎ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላክን። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእነርሱ አይደለምና። ዕቃው ሲደርስ ፎቶግራፍ ተላከልን፣ አጨበጨብን፣ በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ተከናወነ» ተብሎ ተጻፈ።

በጥር 2012 ዓ.ም. ለጥምቀት አገር ቤት ስሄድ ወደዚያ ጎራ አልኩ። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው፣ ላስቲክ ለብሰው፣ በሩ ተቆልፎ አገኘኋቸው። ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን ተቃጥለዋል። ምክንያቱም ከጀርባቸው ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ከ115 ወደ 230 ሳትዞር ግድግዳው ላይ ስለተሰኩ ነው። የአሜሪካን አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ አገር 220 ቮልት መሆኑን እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል የማያውቅ የለም። በአማርኛ አንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጀርባው መለጠፍ ግን ማናችንም አላሰብንም። የቀሩት 22 ሲበሩስ ምን ነበራቸው? ዊንዶውስ፣ የካርታ ጨዋታ እና የእንግሊዝኛ መጻፊያ። ሌላ ምንም።

ክፍሉን የከፈተልኝን መምህር፣ «መምህር፣ ተማሪዎቹ አይጠቀሙባቸውም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ምን ያድርጉባቸው?» አለኝ። «ማብራትና ማጥፋት ተምረዋል። ከዚያ ወዲያ የምናሳያቸው ነገር የለንም። ደግሞ አንዱ ቢጎድል ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ አይቆልፉም?»

እውነቱን ለመናገር እኔም እቆልፍ ነበር።

ከዚያ መምህሩ ከክፍሉ ጀርባ ወሰደኝ። እርሱ የሚያስተምረው ባዮሎጂ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የማትረባ የምትመስል መሬት አጥሮ ከተማሪዎቹ ጋር ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ጤፍ ዘርቶባታል። ከመደቦቹ መካከል አፉ ክፍት የሆነ ቀጥ ያለ ጣሳ እንጨት ላይ ታስሮ ቆሟል። በየጧቱ አንድ ተማሪ በማስመሪያ የውሃውን ጥልቀት ለክቶ በደብተር ይጽፋል። ጣሳው ጎኑ ቀጥ ያለ እስከ ሆነ ድረስ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃ በሚሊሜትር ሲለካ የዘነበው ዝናብ ልኩ ያው ነው፤ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። በደብተሩ ላይ የዝናቡ ልክ፣ የተዘራበት ቀን፣ የበቀለበት ቀን፣ የተሰበሰበው በኪሎ ተጽፏል። የሦስት ዓመት ጽሑፍ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ የተሟላ ማስታወሻ አልነበረኝም።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ በዚህ በኩል ቁጥር የሌላቸው 22 ኮምፒዩተሮች፣ በዚያ በኩል ኮምፒዩተር የሌላቸው ሦስት ዓመት ሙሉ የተሰበሰቡ ቁጥሮች አሉ። ሁለቱ አልተገናኙም። የላክነው እኛ ነን፣ ያላገናኘናቸውም እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ተዘረፉ። ከኮምፒዩተሮቹ አንድም አልተረፈም። ደብተሩ ግን መምህሩ ቤት ስለነበረ ተረፈ።

ይህን የምለው ኮምፒዩተር አይረባም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የማምነው። ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን ሄዶ ያስተምራል የሚለው ስሕተት በእኛ ማኅበር አልተጀመረም። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ «ፕላዝማ» የሚባለው ትምህርት ሲጀመር በመቶ የሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት የሚቀበል ትልልቅ ቴሌቪዥን ገባላቸው። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ነው፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተማሪው እስኪያስብ አይጠብቅም፣ ራሱ መልሶ ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን የተማራችሁ ወጣቶች አላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ትመሰክራላችሁ። በሀገሪቱ ጥግ ያለ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ እኩል ጥሩ ትምህርት ያግኝ የሚለው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። የጎደለው ልጁ ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ፊዚክስን ቁጭ ብሎ በማየት መማር ከባድ ነው፤ እርሻን ቁጭ ብሎ በማየት መማር ግን ከቶ አይቻልም።

ለምን ስለ እርሻ ብቻ ታወራለህ የሚለኝ ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ለሚማሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እርሻ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ገብቷል። መጽሐፉን ፈልጌ አውርጄ አይቼዋለሁ፤ ሰብል አለው፣ እንስሳት እርባታ አለው፣ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አለው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ፋንድያና ስለ ገለባ አንድ የወሎ ገበሬ ልጅ በእንግሊዝኛ ያነባል ማለት ነው። እርሱ ራሱ ከመምህሩ ይልቅ የሚያውቀውን ነገር ስሙን አጥቶት ይቀመጣል።

ሌላም አለ። እኔ ልጅ ሆኜ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እርሻ የምንማረው በቅጣት ነበር። የዘገየ ይቆፍራል፣ የተደባደበ ውሃ ያመላልሳል፣ ጎበዙ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። አባቴም «ተማር፣ እንደ እኔ በሬ ተከትለህ አትቅር» እያለ ነው ያሳደገኝ። ክፉ አባት አልነበረም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። መንግሥት መድቦኝ እርሻ ልማር ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ይኼንንማ እኔም አስተምርህ ነበር፤ ምን አደከመህ?» አለኝ። ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከአፉ የወጣው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለገበሬ ልጅ አባቱ የማያውቀውን ምን ይጨምርለታል?

አገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ስትፈልግ የመጀመሪያዋ አይደለም። አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። ጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ። ይኸውም በአሜሪካን «ፖይንት ፎር» እርዳታ፣ በኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ መምህራን ነበር፤ በኋላም እነዚሁ መምህራን ዓለማያን አቋቋሙ፣ እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ቆዩ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካንን ሲጎበኙ ያንን ኮሌጅ ለማየት ስቲልዎተር ድረስ ሄደዋል። የኦክላሆማ ሰዎች ይዘውት የመጡት ትልቁ ነገር ትራክተሩ አልነበረም። ተማሪ እጁን ያቆሽሽ፣ ያደረገውንም ይጻፍ የሚል ልማድ ነው።

ይህን ልማድ በደንብ የተረዳሁት ከአንድ ተሳፋሪ ነው። ከናሽናል ኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፤ ማውንት ቨርነን ውሰደኝ አሉኝ። የጆርጅ ዋሽንግተንን ቤት ሊጎበኙ መስሎኝ ነበር። ግን ከዚያው አጠገብ ያለ ሌላ ቦታ ነው የፈለጉት። «ፊውቸር ፋርመርስ ኦቭ አሜሪካ» የሚባለው የእርሻ ተማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ተቋቁሞ በ1939 በአሌክሳንድሪያ በኩል ቀድሞ የዋሽንግተን ርስት ከነበረው መሬት ላይ ቦታ ገዝቶ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱም እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ ቆይቶ ከዚያ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። ሽማግሌው በልጅነታቸው የማኅበሩን ሰማያዊ ኮርዶሮይ ጃኬት ለብሰው እዚያ መጥተው ነበርና ቦታውን ሊያዩ ነው የመጡት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ እርሻ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ አሌክሳንድሪያ ስንት ዓመት ታክሲ ስነዳ ይህን አላውቅም ነበር።

መንገድ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጠየቅኋቸው። የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም። ትምህርት ቤታቸው የመጀመሪያውን አፕል ሲገዛላቸው የት እንደሚያስቀምጡት ጨንቋቸው መዶሻና መጋዝ ካለበት ክፍል አስቀመጡት። ተማሪዎቹ ጨዋታ ጨርሰው ሲሰለቻቸው አንዱ የአሳማዎቹን መዝገብ አስገባበት። ምን በሉ፣ ስንት ከበዱ፣ ስንት አወጡ። ከዚያ ሌላው ያንን አይቶ የራሱን አስገባ። ለካ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ለእርሻ ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ ሲፈቅድ፣ ተማሪው በዓመት ቢያንስ ለስድስት ወር በአስተማሪ ተቆጣጣሪነት የእርሻ ሥራ በተግባር እንዲሠራ አስገድዶ ኖሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አሳማ፣ ጥጃ፣ ወይም አንድ ቁራጭ መሬት በቆሎ አለው፤ መዝገብም ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ከ60 ዓመት በላይ የቆየ የመዝገብ ልማድ ጠበቀው። እኛ ጋ ግን ኮምፒዩተሩ ቀድሞ መጥቶ መዝገቡን ሳያገኘው ላስቲክ ለብሶ ቀረ። ሽማግሌው ሲወርዱ ጉርሻ ከሰጡኝ በላይ ትምህርት ሰጥተውኛል፤ ጉርሻውም ግን መጥፎ አልነበረም።

አሁን ኮምፒዩተሩ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው ከወጥ ቤት የራቀ አይደለም።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አሥር እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት እንበል። መኗቸው 16 ከመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል። ያላት በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ነው። በግምት በቆሎው 9 ከመቶ፣ ፋጉሎው 30 ከመቶ ፕሮቲን አለው። ከ30 ላይ 16 ሲቀነስ 14፤ ይህ የበቆሎው ድርሻ ነው። ከ16 ላይ 9 ሲቀነስ 7፤ ይህ የፋጉሎው ድርሻ ነው። 14 ለ7፣ ማለትም ሁለት እጅ በቆሎ ለአንድ እጅ ፋጉሎ። ይህን ማንኛዋም እናት በጣሳ ትለካዋለች፤ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ነገር ግን የኑግ ፋጉሎ ቃጫው ብዙ ስለሆነ ሢሶውን መኖ እርሱ ሲይዘው ለዶሮ ይበዛል። ስለዚህ ጥቂት አኩሪ አተር፣ ጥቂት የስንዴ ፉርሽካ፣ ለእንቁላሉ ቅርፊት የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ጨው ይጨመራል። አሁን ስድስት ነገር ሆነ። ደግሞ ዋጋቸው በየገበያ ቀኑ ይለዋወጣል። በዚህ ሳምንት የሚያዋጣው የትኛው ድብልቅ ነው? በእርሳስ ካሰላችው ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተችም ሁሉንም ትደግማለች። በኮምፒዩተር የስሌት ሠንጠረዥ ላይ ግን የበቆሎውን ዋጋ ብቻ ቀይራ መልሱን ወዲያው ታየዋለች። አባቷ የማያውቀው፣ ትምህርት ቤቱ ሊጨምርላት የሚችለው ነገር ይህ ነው። በመንገድ ላይ ሒሳብም ኬሚስትሪም ትማራለች።

ጤፉንም እንየው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ በመስመር ይዘራ የሚል ትልቅ ዘመቻ ነበር። በእጅ ሲበተን በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ዘር የሚፈጀው በመስመር 5 ኪሎ ይበቃዋል ተባለ። በ10 ሜትር በ10 ሜትር መደብ ላይ ሲሰላ 300 ግራምና 50 ግራም መሆኑ ነው። ምርቱም እጅግ እንደሚጨምር ተነገረ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን በገበሬው ማሳ ላይ ጭማሪው መጀመሪያ ከተወራው እጅግ ያነሰ መሆኑን፣ ጉልበቱም ብዙ እንደሚፈጅ አሳይተዋል። እንግዲህ ማንን ይመኑ? ተማሪዎቹ ሁለት መደብ አውጥተው አንዱን ይበትኑ፣ አንዱን በመስመር ይዝሩ፣ የፈጀባቸውን ሰዓትም የመዘኑትንም ይጻፉ። አሥር ትምህርት ቤት ይህን ቢያደርግና ቁጥሩን አንድ ላይ ቢያመጣው ለካድሬ ሳይሆን ለራሳቸው ዓይን ያምናሉ። ቁጥሩን አንድ ላይ ለማምጣት ነው ኮምፒዩተሩ።

ያ መምህር የዝናብ ደብተሩን ባለፈው ዓመት ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ልኮልኛል። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ በታክሲው ውስጥ ሆኜ ወደ ሠንጠረዥ እገለብጣለሁ። ስጨርስ በልጅነቴ ሽማግሌዎች «የበልግ ዝናብ ያታልላል» ሲሉ የሰማሁትን በዓይኔ አየሁት። ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን ይወርድና ዘር ያስወጣል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይጠፋል። የልጆቹ ማስመሪያ ያንን በሚሊሜትር ይዞታል። የሠራሁትን ሥዕል መልሼ ስልክለት፣ «ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ወላጆች እየመጡ ያዩታል» አለኝ። በ24 ኮምፒዩተር ያላደረግነውን በአንድ ስልክ አደረግነው።

ስለዚህ አሁን ምን እንላክ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አሮጌ ትልልቅ ኮምፒዩተር በኮንቴይነር አንላክ። አንዱ ከነመስታወቱ በግምት 100 ዋት ይበላል፤ 20 ሲሆን 2,000 ዋት ነው። 20 ታብሌት ግን እያንዳንዱ 10 ዋት ቢፈጅ በድምሩ 200 ዋት ነው፤ ይህንን በጣሪያ ላይ በሚቀመጥ መጠነኛ የፀሐይ ኃይል መሙላት ይቻላል። ከዚያ በተጨማሪ በእጅ የምትያዝ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር መጽሐፍና ቪዲዮ ተጭኖባት ያለ ኢንተርኔት ለክፍሉ ታብሌቶች በአየር ታዳርሳለች። ይህ ልብ ወለድ አይደለም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሮክፌለር ፋውንዴሽን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ100 በላይ በሆኑ ሲዲዎች ላይ የእርሻ ምርምር መጽሔቶችን ጭኖ «ቲል» በሚል ስም ለድሃ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በርካሽ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ በጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ይገባል።

ኢንተርኔት አይጠበቅ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ቤተሰብ ለመጠየቅ የደወልን ሁሉ እናውቃለን። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። የምንልከው ዕቃ መምህሩ በከረጢት ይዞት ቤቱ የሚገባ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ በደጀ ሰላም ወይም በአንድ ሰው ግቢ ልጆች ሰብስቦ የሚያሳየው መሆን አለበት። ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕቃ እንዳንልክ።

ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው በውስጡ የሚገባው ነው። በአማርኛ ያለን ነገር ጥቂት ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ያለው ጽሑፍ ወደ 15 ሺህ ገደማ ሲሆን የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ክፍተት ዶላር አይሞላውም፤ ሰው ነው የሚሞላው። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ባልሆነው ቤልትስቪል መንገድ ዳር የቆመውን ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ ስንቶቻችን አይተነዋል? የአሜሪካን ብሔራዊ የእርሻ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እዚያው አካባቢ ትልቁ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። (የእርሻ ሚኒስቴሩ የምርምር ማዕከሉን በሚቀጥሉት ዓመታት እንደሚለቅ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አስታውቋል፤ እኛ ጎረቤት መሆናችንን ሳናውቅ ሊሄድብን ነው።) በዚያ መንገድ ተሳፋሪ ይዤ ሳልፍ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት አልቆጠርኩም። ከመካከላችን ሒሳብ ሠራተኞች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የኮምፒዩተር ማዕከላት ሌሊት የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ በአገር ቤት የእርሻ ባለሙያ የነበሩ ዛሬ ፓርኪንግ የሚጠብቁ አሉ። የ11ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ተካፍለን በአማርኛ አጭር ማብራሪያ ብናዘጋጅለት፣ በድምፅም ብናነብለት፣ የመኖውን ሠንጠረዥ ብንሠራለት በዓመት ውስጥ ያልቃል።

በድምፅ የምለው ደግሞ ከአገር ቤት ተምሬ ነው። በ2006 ዓ.ም. በ8028 የስልክ ቁጥር ገበሬው ደውሎ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ቁጥር እየተጫነ ስለ ሰብሉ ምክር የሚሰማበት አገልግሎት ተጀምሮ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ተደውሎለታል። ማንበብ የማይችል ገበሬ ኮምፒዩተር የተጠቀመው በዚህ ነው፤ ኮምፒዩተር መሆኑን እንኳ ማንም አልነገረውም።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ፊት ለፊት ሰምቻለሁ። አንድ ወንድማችን «ልጆቹ የሚበሉት ሳያገኙ ስለ ታብሌት ታወራለህ» ብሎኛል። ልክ ነው፤ የእርዳታውን ሳጥን ለዚህ ክፈቱ አልልም። ያ ለብቻው ይቀጥል። እትዬ አንዷ ደግሞ፣ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል፣ «አንተ እርሻ ተምረህ ታክሲ ትነዳለህ፤ የተማረው ሁሉ እንደ አንተ ይሄድ የለም ወይ?» አሉኝ። ለዚህኛው መልስ አጥቼ ከረምኩ። አሁንም የተሟላ መልስ የለኝም። ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ይሄዳል። ያቺ አሥር ዶሮ ያላት ልጅ ግን ዶሮዎቹ እንደሚያዋጡ በራሷ ቁጥር ካየች ለመቅረትም ለመሄድም አስባ ትመርጣለች። እኔ ስሄድ እርሻ ያዋጣ አያዋጣ አስልቼ አልነበረም። ማንም እንዳሰላ አላስተማረኝም ነበር።

አንድ ጉዳይ ቀረኝ፤ ገንዘቡ። ከምንሰበስበው ውስጥ ግማሹ ብቻ ለዕቃ ይሁን። ቀሪው ለመምህሩ ድካም፣ ለዘር፣ ለዶሮ መግዣ፣ ለመደቡ አጥር ይዋል። በፊት የላክነው ሁሉ ለዕቃ ነበር፤ ለሰው አንድ ሳንቲም አልላክንም። ርክክቡም ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ብቻ ሳይሆን ከመምህሩና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር በጽሑፍ ይሁን፤ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ከማንም ደመወዝ እንደማይቆረጥ እኛ ራሳችን ፈርመን እንላክ። በአማርኛ የተጻፈው የቮልት ማስጠንቀቂያ ደግሞ የመጀመሪያው ወረቀት ይሁን። እርሱን ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ።

በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት አስቀምጫለሁ። በአንደኛው ላይ የመጽሐፉ ምዕራፎች ተዘርዝረዋል፤ የምትችሉትን ምዕራፍ ፊት ለፊት ስማችሁን ጻፉ። በሁለተኛው በድምፅ ለማንበብ የምትፈልጉ ትመዘገባላችሁ፤ የወሎና የጎንደር አነጋገር ያላችሁ በተለይ ትፈለጋላችሁ። ሦስተኛው ኮምፒዩተር ለምታውቁ ወጣቶች ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ለሚመጡና መኪና ለሌላቸው አራት ሰው እኔ አመጣለሁ፣ ሒሳብ አልጠይቅም። መምህሩም ሰዓቱ ከተመቸው በስልክ ይገባልናል፤ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት እንደ ጀመረ ራሱ ይነግራችኋል።